ለማሽኑ የሰጠሁት 512 ሜጋባይት፣ የሚበላው ግን 1.5 ጊጋባይት

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን ላብራቶሪ 16 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አለን። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው። ኪውኢሙ የተባለውን ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የሚያስኬድ ፕሮግራም ጭኜበት ለተማሪዎች 10 የኤአርኤም (ከኢንቴል የተለየ የፕሮሰሰር ዓይነት) ማሽኖች አዘጋጅቻለሁ። ለእያንዳንዱ 512 ሜጋባይት ሰጥቻለሁ፤ ሲደመር 5 ጊጋባይት ነው። ጠዋት ሁሉም ደህና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፤ ቆይቶ አንዱ ማሽን ድንገት ይጠፋል። የማሽኖቹን ራም ወደ 256 ባወርደው ጭራሽ ባሰበት። አሁን ማሽኖቹን በማስተዳድርበት በሊብቨርት ለእያንዳንዱ ማሽን የ600 ሜጋባይት ጣሪያ ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ጣሪያውን አያስቀምጡ። ካስቀመጡት አሁን ከሰዓት የሚጠፋው ማሽን ጠዋት መጥፋት ይጀምራል። መጥፋት ያለበት ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ደግነቱ በአንድ ቁጥር የሚስተካከል ነው።

512 ብለው የሰጡት ተማሪው የሚያየውን ራም ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ኪውኢሙ ራሱ የሚሠራበት ሜሞሪ አለ። የእርስዎ ሰርቨር ኢንቴል፣ ማሽኖቹ ደግሞ ኤአርኤም ስለሆኑ ፕሮሰሰሩ የማሽኖቹን ትእዛዝ በቀጥታ ሊፈጽም አይችልም። ቲሲጂ የሚባለው የኪውኢሙ ክፍል እያንዳንዱን የኤአርኤም ኮድ ቁራጭ ወደ ኢንቴል ኮድ ይተረጉማል። ያው ቁራጭ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና እንዳይደክም ትርጉሙን በአንድ ቋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጉዱ ያለው እዚህ ቋት ላይ ነው።

በ2020 ከወጣው የኪውኢሙ 5.0 እትም ጀምሮ፣ ባለ 64 ቢት ሰርቨር ላይ የዚህ ቋት መነሻ መጠን (ማንም ካልቀየረው የሚይዘው) 1 ጊጋባይት ሆኗል። ከዚያ በኋላ በመጡት እትሞች ደግሞ የሰርቨሩ ራም አንድ ስምንተኛ ከ1 ጊጋባይት ካነሰ ያንን አነስተኛውን ይወስዳል። የእርስዎ 16 ጊጋባይት ሲካፈል ለ8፣ 2 ጊጋባይት ይመጣል። ስለዚህ የ1 ጊጋው መነሻ እንዳለ ይጸናል። ደግሞም ይህ ለእያንዳንዱ ማሽን ለየብቻ ነው። ኪውኢሙ ጎረቤት ማሽን መኖሩን አያውቅም፤ አሥሩም ሰርቨሩ የራሳቸው ብቻ እንደሆነ አድርገው ነው የሚያሰሉት።

እንደምር። 5 ጊጋ ለማሽኖቹ ራም፣ 10 ጊጋ ለትርጉም ቋቶቹ፤ 15 ሆነ። በዚያ ላይ ሊኑክሱ ራሱ፣ የኪውኢሙ ልዩ ልዩ ወጪ እና የዲስክ ካሽ አለ። 16 አለቀ ማለት ነው።

ጠዋት ለምን ደህና ይሆናል ታዲያ? ቋቱ ገና ሲነሳ አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ራም አይደለም። ራሙ የሚወሰደው ትርጉም እየተጻፈ ሲሄድ ነው። ተማሪዎቹ ማሽኑን ሲያስነሱ፣ ፕሮግራም ሲጭኑ፣ ኮምፓይለር ሲያሠሩ አዲስ ኮድ ይመጣል፣ ቋቱም ቀስ እያለ ይሞላል። አንዴ የተያዘው ገጽ ተማሪው ሥራ ቢያቆምም ለሰርቨሩ አይመለስም። ስለዚህ አጠቃቀሙ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። በመጨረሻ ሜሞሪ ሲያልቅ የሊኑክሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ብዙ የያዘውን ሂደት መርጦ ይገድላል። ድንገት የጠፋው ማሽን ያ ነው። የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው በዲሜሴጅ ትእዛዝ ቢያዩ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

ወደ 256 ሲያወርዱት የባሰበትም ከዚሁ የተነሳ ነው። በዛሬዎቹ እትሞች የቋቱ መጠን ከማሽኑ ራም ጋር አይያያዝም። እርስዎ ተማሪውን አስራቡት፣ ቋቱ ግን እዚያው 1 ጊጋ ላይ ቀረ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ደግሞ ራም ሲጠበው ወደ ዲስክ ይመላለሳል፤ ያ ሁሉ መመላለስ በትርጉም የሚሄድ ስለሆነ ዋጋው እጥፍ ነው። ወደ 512 ይመልሱት።

አሁን ማስተካከያው። ሊብቨርት ስለሚጠቀሙ የማሽኑን ኤክስኤምኤል (ቅንብሩ የተጻፈበትን ፋይል) ይክፈቱ። ፊቸርስ በሚለው ክፍል ውስጥ ቲሲጂ የሚል ክፍል ይጨምሩ፤ በእሱ ውስጥ ቲቢ-ካሽ ብለው ዩኒቱን ኤምአይቢ፣ ዋጋውን 128 ያድርጉ። ይህ ከሊብቨርት 8.0.0 ጀምሮ ይሠራል። ኪውኢሙን በቀጥታ ከትእዛዝ መስመር የሚያስነሳ አንባቢ ካለ፣ አክሰል ቲሲጂ ከሚለው ቀጥሎ ኮማ ያድርግና ቲቢ-ሳይዝ=128 ብሎ ይጨምር፤ ክፍተት የለም፣ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደል። ቁጥሩ በሜጋባይት ነው። በድሮ መመሪያዎች ላይ ቲቢ-ሳይዝ ራሱን ችሎ እንደ አማራጭ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ያኛው ከ6.0 እትም ጀምሮ ወጥቷል፣ አይሠራም። ደግሞ 0 ብላችሁ እንዳትጽፉ። 0 ማለት «መነሻውን ተጠቀም» ነው፤ ወደ 1 ጊጋው ይመልሳችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር እዚህ ጋ አለ። ማሽኑን ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ ለውጡን አያመጣም፤ የኪውኢሙ ሂደት እዚያው ነውና። ሙሉ በሙሉ አጥፍተው እንደገና ያስነሱት። በሊብቨርት ሴቭ አድርገው ካቆዩትም አይሆንም፤ ሲመለስ ከአሮጌው ኤክስኤምኤል ጋር ነው የሚመለሰው።

128 ያልኩት ለመጀመሪያ ሙከራ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የእርስዎ ሥራ ይነግርዎታል። ወደ ኪውኢሙ ሞኒተር (ለኪውኢሙ ራሱ ትእዛዝ የሚሰጥበት ቦታ) ገብተው ኢንፎ ጂት ብለው ይጠይቁ። ከሚመጡት መስመሮች ውስጥ ሁለቱን ይያዙ፦ ከቋቱ ምን ያህሉ እንደተሞላ የሚያሳየውን፣ እና ቲቢ ፍለሽ ካውንት የሚለውን። ቋቱ ሲሞላ ኪውኢሙ አሮጌውን መርጦ አያወጣም፤ ያለውን ሁሉ ጥሎ ከባዶ ይጀምራል። ፍለሽ ማለት ያ ነው። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ሁለት ጊዜ ቢጥል ምንም አይደለም። ተማሪው እየሠራ ሳለ ቁጥሩ በየደቂቃው የሚጨምር ከሆነ ግን ማሽኑ ጊዜውን በድጋሚ ትርጉም እያጠፋ ነው፤ ወደ 192 ወይም 256 ከፍ ያድርጉት። በአንጻሩ በሙሉ ክፍለ ጊዜ አንድም ጊዜ ካልጣለና ግማሹ እንኳ ካልተሞላ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ከመጠን በላይ ግን አይቆንጥጡት። የኪውኢሙ ገንቢዎች መጠኑን ያሳደጉት በ32 ሜጋባይት አንድ ሙሉ ሲስተም እስኪነሳ ድረስ ቋቱ ወደ 100 ጊዜ ያህል ሲጣል ስላዩ ነው። እኔ ሙሉ ሊኑክስ ለሚነሳበት ማሽን ከ64 በታች አልወርድም።

በ128 ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ 512 ሲደመር 128፣ 640። ለአሥሩ ወደ 6.4 ጊጋባይት። ለኪውኢሙ ተጨማሪ ወጪ 1 ወይም 2 ጊጋ ቢይዙ እንኳ ሰርቨሩ ይተነፍሳል። 256 ቢያደርጉትም ይበቃዎታል። በቶፕ ትእዛዝ ሲያዩ ሬስ የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ በእርግጥ የተወሰደውን ራም የሚያሳየው እሱ ነው። ቪርት የሚለው የተያዘውን አድራሻ ሁሉ ስለሚቆጥር ያስደነግጣል እንጂ አይጠቅምም።

ወደ 600 ሜጋባይቱ ጣሪያ ልመለስ፤ እንዳይረሳ። ሊብቨርት ላይ ሃርድ ሊሚት የሚባለው የማሽኑን ራም፣ የትርጉም ቋቱን፣ የዲስክና የስክሪን ወጪውን ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥራል። ሲሞላ «ቀንስ» ብሎ አይለምንም፤ ሂደቱ ይገደላል። የሊብቨርት መመሪያ ራሱ ይህን ገደብ እንዳታስቀምጡ አጥብቆ ይመክራል፤ አንድ ሂደት በትክክል ስንት ሜሞሪ እንደሚበቃው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልምና። የተማሪ ሥራ ግማሽ መንገድ ላይ እንዲጠፋ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ የለውም። ቋቱን ከውስጥ ሲገድቡት ግን የሚመጣው የከፋ ነገር መዘግየት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል። ማሽናችሁ እንደ ሰርቨሩ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ስለዚህ ቋት አትጨነቁ፤ ፕሮሰሰሩ የማሽኑን ትእዛዝ በቀጥታ እንዲፈጽም የሚያደርገውን ኬቪኤም መጠቀም ነው ያለባችሁ፣ እዚያ ትርጉም የሚባል ነገር የለም። ኤክስኤምኤሉ ላይ ዓይነቱ ኪውኢሙ የሚል ከሆነ ወደ ኬቪኤም ቀይሩት። እምቢ ካለ ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ የቨርቹዋላይዜሽን አማራጩ መከፈቱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው።

መምህር፣ አሥሩም ማሽኖች ከአንድ ኢሜጅ የተነሱ ከሆነ የከርነሉን ኬኤስኤም ቢያበሩት ደግሞ ተመሳሳይ የራም ገጾችን ያዋህድልዎታል። ፕሮሰሰሩን ትንሽ ያደክመዋል፤ የትርጉም ቋቱንም አይነካም፤ ስለዚህ መጀመሪያ 128ቱን አስተካክለው አንድ ሙሉ ቀን ይሞክሩት። ከዚያ በኋላም ማሽን ከጠፋ የዲሜሴጁን መስመር፣ የአሥሩን ማሽኖች ሬስ እና የኢንፎ ጂቱን ውጤት አብረው ይላኩልኝ።