የኖክ ሴንሰር ኮድ ወጣ ማለት ሴንሰሩ ሞተ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል፤ ቤንዚንም ከወትሮው በላይ ትበላለች። የቼክ ኢንጂን መብራት ስለበራ በስካነር ቢታይ ፒ0325 የሚል ኮድ ወጣ። መካኒኩ «ኖክ ሴንሰሩ ይቀየር» ይላል። ሞተሩ ግን ምንም አያንኳኳም። ከመግዛቴ በፊት ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሳያረጋግጡ ባይገዙ ጥሩ ነው። አለማንኳኳቱ አያስገርምም። ኖክ ሴንሰር የሞተሩን ማንኳኳት (ኖክ) እንዲሰማ የሞተሩ ብሎክ ላይ ታስሮ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክሪስታል ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ ሲል ስፓርኩን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ) ያዘገያል። ጉልበት የሚቀንሰውም ነዳጅ የሚበላውም ለዚህ ነው።

ፒ0325 የሚናገረው ስለ መስመሩ ሁሉ እንጂ ስለ ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከሽቦው ይጀምሩ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው ሶኬቱን ይፍቱ። አረንጓዴ ዝገት፣ የላላ ፒን፣ በጭስ ማውጫው ሙቀት የቀለጠ ወይም አይጥ የበላው ሽቦ ይፈልጉ። አንዳንድ ቪ ሞተሮች ላይ ሴንሰሩ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (ከአየር ማስገቢያው) ሥር ስለሚቀመጥ፣ ሞተር ሲታጠብ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል።

ቀጥሎ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው የሴንሰሩን ሁለት ፒኖች ይለኩ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ120 እስከ 280 ኪሎ ኦም መሆን አለበት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ተገናኝቷል። ውስጡ ሬዚስተር የሌለው ሴንሰርም አለ፤ እሱ ጤነኛ ሆኖም ምንም ላያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ደህና ሴንሰር የሚጣለው፤ የመኪናውን ማኑዋል ሳያዩ አይፍረዱ።

ወሳኙ ፈተና ሌላ ነው። ቴስተሩን ኤሲ ሚሊ ቮልት ላይ አድርገው ፒኖቹ ላይ ያገናኙና፣ በትንሽ ቁልፍ ከሴንሰሩ አጠገብ ብሎኩን ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ (ሴንሰሩን ራሱን አይምቱት፣ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል)። በእያንዳንዱ ምት ቁጥሩ ዘለል ብሎ ከተመለሰ ሴንሰሩ ይሠራል፤ ችግሩን ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ባለው ሽቦ ላይ ይፈልጉ። ንቅንቅ ካላለ ይቀይሩት።

ሲቀይሩ የሚቀመጥበትን ቦታ እስከ ንጹህ ብረቱ ድረስ ይጥረጉ። ቀለም፣ ግራሶ ወይም ተጨማሪ ሮንዴላ መሃል ከገባ ንዝረቱ በትክክል አይደርሰውም። መሃሉ ቀዳዳ ያለውን ጠፍጣፋ ዓይነት ሴንሰር የሚይዘውን ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ20 ኒውተን ሜትር ገደማ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያስሩታል። በእጅ ግምት ያሰሩት አዲስ ሴንሰር ያንኑ ኮድ መልሶ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ደግሞ ኮድ የላትም፤ ግን ነዳጅ ስረግጥ ታንኳኳለች። ሴንሰሩ ይሆን?

መልስ፦ ሴንሰር ድምፅ አይፈጥርም። በስካነር የቀጥታ መረጃ ውስጥ የስፓርኩን መዘግየት እያዩ ነዳጅ ይርገጡ። ባንኳኳ ቁጥር ስፓርኩ ከዘገየ ሴንሰሩ እየሰማ ነው፤ ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን፣ የሞተር መጋል፣ ሲሊንደር ውስጥ የተጋገረ ካርቦን ወይም ዓይነቱ ያልሆነ ካንዴላ ይጠርጥሩ። እያንኳኳ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን ከላይ ያለውን ምርመራ ያድርጉ።