እኔ ቮሊቦል፣ እህቴ ኳስ፦ ማናችን ነን በአቅም የምንበልጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ቮሊቦል እጫወታለሁ፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ናት። ባለፈው እሁድ ጠዋት አብረን ልንሮጥ ወጣንና እኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ሲል እሷ እያወራች ነበር የምትሮጠው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ «አንቺ እኮ ቆመሽ ነው የምትጫወቺው» እያለች ሰላም ነሳችኝ። እውነት ፊትነሷ ይበልጠኛል? (ሐ. ከአዳማ)

መልስ፦ በትንፋሽ ትበልጥሻለች፣ እሱን ዋጥ አድርጊው። ሌላው ግን ገና አልተለካም። የሷ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፣ ትልልቅ ሊግ ላይ ያሉ ሴቶች በ90 ደቂቃ 10 ኪሎሜትር አካባቢ ይሸፍናሉ፣ እሱም ሶምሶማ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ይራመዳሉ፣ ድንገት ይፈተለካሉ፣ እንደገና ይራመዳሉ። አንቺ ደግሞ 9 በ9 ሜትር ውስጥ ስድስት ሆናችሁ ነው የምትቆሙት፣ ነጥቡ በሰከንዶች ያልቃል፣ ሰርቭ እስኪመታ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ፣ ታዲያ ሳምባሽ ምን ቆርጦት እንደሷ ይሆናል? ግን በዛች ሰከንድ ውስጥ 2 ሜትር ከ24 ከሆነው መረብ በላይ እጅሽን ማውጣት አለብሽ፣ አርፈሽ ደግሞ እንደገና፣ ጨዋታው አምስተኛ ዙር ከደረሰ ስንቴ እንደዘለልሽ ጉልበትሽ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ እሷን ወደ ግድግዳ ውሰጃት። ጣታችሁን ጠመኔ ቀቡና ቆማችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ ካላችሁበት ሳትንደረደሩ ዘላችሁ ሌላ ምልክት፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ለኩ። ቁመት እዚህ ላይ አያግዝም፣ ሁሉም ከራሱ እጅ ነው የሚለካው። ለሷ ደግሞ ዮዮ ቴስት አለላት፦ 20 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ምልክት (ጫማም ይሆናል)፣ ስልክ ላይ በሚጮኸው ድምፅ ደርሶ መልስ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ድምፁ ሁለቴ ከቀደመሽ አለቀ።

ባስኬት ተጫዋቾች መሃል ላይ ናቸው፣ 28 ሜትር ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ መዝለሉም አለ፣ ግን ቅያሪው ገደብ ስለሌለው የደከመች ትወጣለች። ለኔ ሁሉንም አሟልታለች የምላት ሀንድቦል ተጫዋቿን ነው፣ 40 ሜትር ሜዳ፣ 60 ደቂቃ፣ ሩጫ ዝላይ ውርወራ፣ በዛ ላይ ግፊያው! አንዳንዱ ጨዋታማ ትግል ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ሁለታችሁንም ይመለከታል። የጉልበት ጅማት መበጠስ ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍና ከዛ በላይ ይከሰታል፣ ብዙ ጊዜም ማንም ሳይነካቸው፣ ከዝላይ ሲያርፉ ወይ ድንገት ሲታጠፉ። ፊፋ 11+ የሚባል 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ አለ፣ ለኳስ የተሰራ ቢሆንም አስተራረፍ የሚያስተምረው ክፍል ላንቺም ይሆናል።

የጠመኔውን ውጤት ጻፊልን፣ እሷን ግን ጨዋታ በነበራት ማግስት እንዳታስዘያት፣ ያን ቀን ብታሸንፊያትም አይቆጠርልሽም።