ለጂምናስቲክ አሰልጣኞች ጥያቄና መልስ፦ ልጅቷ ካረፈች በኋላ ምን እንበላት?

ጠያቂ፦ ኮች፣ አንዷ ሠልጣኜ የኋላ ሳልቶ (እጅ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ወደ ኋላ መገልበጥ) ሠርታ ስታርፍ ወደ ፊት በእጇ ትደፋለች። አየር ላይ ሳለች "እጠፊ! እጠፊ!" እላታለሁ፤ ለውጥ የለም።

ኮች፦ ሳልቶ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጩኸትህ ጆሮዋ ደርሶ ሰውነቷ እስኪታዘዝ አርፋለች። ጥፋቱም አየር ላይ ሳይሆን አነሳሷ ላይ ነው፤ ጭንቅላቷን ቀድማ ወደ ኋላ ስትጥል ጀርባዋ ይለመጣል፣ ከፍታ ታጣለች፣ ለመታጠፍ ጊዜ አይተርፋትም። ከመዝለሏ በፊት "ዓይንሽን ከፊትሽ ካለው ግድግዳ ሳትነቅዪ ተነሺ" በላትና ዝም በል። አንድ ሙከራ፣ አንድ እርማት!

ጠያቂ፦ ልክ እንዳረፈች ልንገራት?

ኮች፦ አይሆንም። ጥቂት ሰከንድ ታገሥ፤ የሠራችውን በሰውነቷ የምታስታውሰው ያኔ ነው። ከዚያ ራሷን ጠይቃት። "እንዴት ነበር?" ካልካት "ጥሩ" ትልሃለች፤ "ስትነሺ ዓይንሽ ግድግዳው ላይ ነበር?" በላት። በትክክል ከመለሰች ስህተቱን አውቃዋለች፤ አትድገምላት። የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዎልተር እ.ኤ.አ. በ1984 ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፦ በየሙከራው የሚሰጥ እርማት ልምምዱን ያሳምራል፣ እርማቱ ሲቀር ግን ልጅቷ ባዶ እጇን ትቀራለች። ጀማሪን ቶሎ ቶሎ አርም፤ እየለመደች ስትሄድ አሳሳው፣ በኋላ ጥፋቱ ከወሰንከው ልክ ሲያልፍ ብቻ ተናገር።

ጠያቂ፦ ፍሊክ (በእጅ ምንጣፉን ገፍቶ ወደ ኋላ መገልበጥ) ላይስ ምን ይባላል?

ኮች፦ ምኑ ላይ? ጉልበቷ? ትከሻዋ? ጥፋቱን ጻፍና ተመለስ።

አባል፦ ፍሊክ ላይ ክርኗ ከታጠፈ "ክርንሽን ዘርጊ" ከማለት "ምንጣፉን ግፊው" ማለት ይሻላል።

ሌላ አባል፦ ክርኗን አጥፋ ብትገፋውስ? ትንንሾቹ ላይ አልሠራም።

አባል፦ ግድግዳ ተደግፈው በእጅ መቆምን መጀመሪያ አስለምዳቸዋ!

ኮች፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ቅርጹን የማታውቅ ልጅ ምሳሌው አይገባትም። አግዳሚ ዘንግ ላይ ኪፕን (ከዘንጉ ተንጠልጥሎ ተወዛውዞ ከዘንጉ በላይ በክንድ ተደግፎ መውጣት) ተመልከቱ። "ክንድሽን ወደ ታች ጫኚ" ስትሏት ክርኗን ታጥፋለች፣ ዘንጉም ከእግሯ ይርቃል። "ዘንጉን ከቁርጭምጭሚትሽ እስከ ወገብሽ እንደ ሱሪ ሳቢው" በሏት፤ ክንዷ ሳይታጠፍ ዘንጉ እግሯን ታክኮ ይወጣል። አንድ እርማት ብቻ ግን!

ጠያቂ፦ "ጎበዝ" ማለት ተከለከለ?

ኮች፦ በምኑ እንደጎበዘች ጨምርበት። "ጎበዝ፣ ክርንሽ አልታጠፈም።"

ጠያቂ፦ መሀል ላይ ፈርታ ብታቆምስ?

ኮች፦ ቃል አይበቃም። ወደ ለስላሳው ምንጣፍ መልሳት፣ በእጅህ ደግፋት።

ጠያቂ፦ ወዲያው እንዳረፈች ብነግራትስ፣ ኮች?

ኮች፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።