ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለጀማሪ ይሆናል ወይ ብለው ለጠየቁት እህታችን

እህቴ፣ ከልጅነትዎ ወዲህ ብስክሌት ላይ እንዳልወጡ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ፣ ቢሮዎ ፒያሳ እንደሆነና ሜሪላንድ ያሉት እህትዎ ለገና ሲመጡ ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊያመጡልዎ እንዳሰቡ ጽፈዋል። እኔም ምንም ሳልችል ጀምሬ በእንዲህ ያለ ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ስለተመላለስኩ፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

ብስክሌቱ ይሆንዎታል፤ ነገር ግን ሚዛን መጠበቅን በእሱ ላይ አይማሩ። ዋጋቸው ዝቅ ባለው ብዙዎቹ ላይ ሞተሩ የሚነሣው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ አይቶ ነው፤ እግርዎ የቱን ያህል እንደገፋ አይለካም። በመሆኑም ፔዳሉ ገና መዞር ሲጀምር ብስክሌቱ ወደ ፊት ይስባል፣ መግፋት ካቆሙም በኋላ ለአፍታ ያህል ይቀጥላል። ልምምድ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን መሿለኪያ አካባቢ መኪና ለማሳለፍ ቆሜ፣ ቀኝ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ ሰውነቴን ሳደላድል ተነሥቶ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር አላተመኝ። ከዚያ ወዲህ በቆምኩ ቁጥር ፍሬኑን ጨብጬ እይዛለሁ፤ በአብዛኞቹ ላይ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ይቋረጣልና። የእግርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ለጀማሪ ገንዘብ የሚጨመርበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ለመማሪያ ተራ ብስክሌት ተውሰው ሁለቱንም ፔዳሎች ያስፈቱ (የግራው የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው)፣ ኮርቻውን እግርዎ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ያድርጉና በእግርዎ እየገፉ ይንሸራተቱ። እኔ በኋላ በዚህ መንገድ ነው ፍርሃቴ የለቀቀኝ። ተጣጣፊው ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስ ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻል፤ ሆኖም ጎማው ብዙውን ጊዜ 20 ኢንች ወይም ከዚያ ያነሰ በመሆኑ መሪው ቶሎ ይታጠፋል፣ ትልቅ ጎማ የሚያልፈው ጉድጓድም ይይዘዋል። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ላይ ይህ ብዙም አይሰማም፤ ከእነሱ ሲወጡ ግን ዓይንዎ ከመንገዱ መነሣት የለበትም።

ዳገቱን በተመለከተ፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን የቸርችል ጎዳና ሞተሩ ያግዝዎታል እንጂ ብቻውን አያወጣዎትም። ጠዋት ዳገቱን ከወጡ ማታ ቁልቁለቱን መውረድ አለና፣ ከሞተሩ ኃይል ይልቅ ስለ ፍሬኑ ጥራት ይጠይቁ፤ የዲስክ ፍሬን ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ፎቁ ነው። መታጠፉ ብስክሌቱን ትንሽ ያደርገዋል እንጂ ቀላል አያደርገውም፤ የእኔ 22 ኪሎ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜው የወጣሁት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ የታጠፈው መሪ በየደረጃው ጭኔን ይመታው ነበር። አሁን ጥበቃው አጠገብ አስሬው ባትሪውን ብቻ ነቅዬ እወጣለሁ። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ አስተማማኝ ማሠሪያ ቦታ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካለ ደግሞ የማይታጠፍ ብስክሌትም አማራጭ ይሆንልዎታል።

እህትዎ ከመግዛታቸው በፊት ግን ይህን ይንገሯቸው፦ ከ160 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው) በላይ የሆነ የብስክሌት ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅም ሆነ በጭነት ክፍል፣ አይፈቀድም። 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት የሆነው የተለመደው ባትሪ፣ ሁለቱ ሲባዙ፣ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። ብስክሌቱ ያለ ባትሪ ቢመጣ እንኳ፣ እዚህ የሚገጥመውን ባትሪ ማግኘት ሌላ ራስ ምታት ነው፤ የሚጠገንበትንና መለዋወጫ የሚገኝበትን አይቶ እዚሁ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሚዛን መጠበቁን ሲለምዱ ይጻፉልኝ። እሑድ ማለዳ መኪና ሳይበዛ የእኔን ይዤ መጥቼ፣ በዝቅተኛው የሞተር እርዳታ እንዲሞክሩት አደርጋለሁ።