መራራ ውኃ ማስመለስ «ሐሞት በዝቷል» ያሰኛልን?

ጥያቄ፦ እናቴ በመሐል ሜዳ አካባቢ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው 58 ነው። በጾም ወራት ጧት ጧት ቢጫና አረንጓዴ የሆነ፣ እጅግ የሚመር ፈሳሽ ያስመልሳቸዋል። ጎረቤቶቻቸው «ሐሞትሽ በዝቷል» ይሏቸዋል። እኔም በአንድ የሕክምና መዝገበ ቃላት ውስጥ «ሃይፐርኮሊያ፦ ከመጠን ያለፈ የሐሞት መመንጨት» የሚል አገኘሁ። ሕመማቸው ይህ ይሆን? ሐሞት የሚቀንስ መድኃኒትስ አለ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ቃሉ በእርግጥ አለ፤ «ከልክ ያለፈ» እና «ሐሞት» የሚል ፍቺ ካላቸው የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ «ፖሊኮሊያ» የሚባል አቻም አለው። የጥንት ግሪኮች ጤንነትን በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ይለኩ ስለነበር «ሐሞት በዛ» ማለት ለእነርሱ የተሟላ የበሽታ መግለጫ ነበር። በዛሬ ሕክምና ግን ይህን ስም በታካሚ ካርድ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው።

በመንዝ በግ ሲታረድ አይተው ከሆነ፣ ሆድ ዕቃውን የሚያወጣው ሰው ከጉበቱ ሥር የተጣበቀችውን አረንጓዴ ከረጢት ትንፋሹን ውጦ ነው የሚለያት፤ ከፈነዳች የነካችው ሥጋ ሁሉ ይመራልና። ሐሞቱን የሚሠራው ግን ከረጢቷ ሳትሆን ጉበቱ ነው። የሰው ጉበት በቀን ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ ሊትር ገደማ ያመነጫል፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዘው ከረጢት ደግሞ ውኃውን እየመጠጠች አወፍራ ታቆየውና ቅባት ያለው ምግብ ሲመጣ ወደ ትንሹ አንጀት ትለቀዋለች። ስለዚህ ጤነኛ ሰውም በየቀኑ ብዙ ሐሞት አለው።

እናትዎ የሚያስመልሱት ፈሳሽ መምረሩ ሐሞት መሆኑን እንጂ መብዛቱን አያሳይም። ሆድ ባዶ ሆኖ ማስመለስ ሲደጋገም፣ የሚወጣ ምግብ ስለሌለ ከአንጀት ወደ ጨጓራ የተመለሰው ሐሞት ይወጣል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት የማስመለሱ መነሻ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ሐሞት የሚቀንስ መድኃኒት መነሻው ሳይታወቅ መፈለግ አይጠቅማቸውም፤ ሐሞት ያወርዳል ተብሎ የሚጠጣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም የቀረውን የሰውነት ውኃ ስለሚያሟጥጥ አደራዎን እንዳይወስዱ ያድርጉ።

«ሃይፐርኮሊያ» ለሚለው አሮጌ ቃል የሚቀርበው ሁኔታ ሌላ ነው። በተለምዶ 120 ቀን ገደማ የሚኖረው ቀይ የደም ሕዋስ ያለ ጊዜው በብዛት ሲፈርስ፣ ጉበት ወደ ሐሞት የሚያስገባው ቢጫ ቀለም ይበዛል። ወባ ይህን ሊያመጣ ስለሚችል፣ እናትዎ በቅርቡ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ሰገራቸው ከነጣ፣ ትኩሳት ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ሆዳቸው ተነፍቶ አየርም ሰገራም ከከለከላቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ። ከዚህ አንዱም ባይኖር በዚህ ሳምንት ለምርመራ ይውሰዷቸው፤ እስኪታከሙ ድረስም ስለ ጾማቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።