ተንጠልጥሎ የታሰረ ጎሚኒ አይበረክትም
ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የዲኤክስህ (የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) የፊት ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ (ጎሚኒ) ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መንጫጫት ጀመረ፤ የደሴን ዳገት ስትወጣ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ያንኳኳል፤ የመኪናው ፊትም ከድሮው ከፍ ብሏል ብለሃል። አብሽር፣ አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) አትንካ። ፊቱ ከፍ ማለቱ ነው ያጋለጠው፦ ብሎኖቹ የጠበቁት መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ነው።

ጎሚኒው መሃል ላይ የብረት ቱቦ አለው። ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦው ተቆልፎ ይቀራል፣ አይዞርም። ብራቾው ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አይተውም፤ ስለዚህ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። በትክክል ከታሰረ መኪናው ሲቆም ላስቲኩም ያርፋል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ተጠማዝዞ ይመለሳል። ተንጠልጥሎ የታሰረው ግን የሚያርፈው ጎማው አየር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። መሬት እንደነካ፣ ገና ሳትነዳው ተጠማዟል። ደጅ ቆሞ ሲያድርም እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው የሚያድረው። በዚያ ላይ ጉድጓድ ሲጨመርበት ይቀደዳል። ፊቱን ወደ ላይ የሚገፋውም ይኸው ወደ ቦታው ልመለስ የሚል ላስቲክ ነው።

መጀመሪያ ከመኪና ሥር ቆመው የሚሠሩበት ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ወስደህ፣ በአራት ጎማው እንደቆመ የብራቾውን ዳዶ አላላ። ፊቱ ዝቅ ካለ ነገሩ ይኸው ነው። የተቀደደውን ቀይር፤ አዲሱን ብሎን በእጅ ብቻ አስገብተህ ጎማውን ግጠምና አውርደው። ፊቱን ደጋግመህ ተጫን፣ ልቀቅ፤ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)፣ በማኑዋሉ ልክ እሰር። ጎሚኒ ያላቸው የኋላ ዘንጎችም እንደዚሁ ናቸው። የቴስቲኒ (የኳስ መገጣጠሚያው) ዳዶ ግን ተንጠልጥሎም ቢታሰር ችግር የለውም፤ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረህ አጥብቀው እንጂ አታላላው።

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ! የብረት መቆሚያ አድርግለት። የዲኤክስ የእጅ ፍሬንም ማርሽም የሚይዙት የኋላውን ጎማ ነው፤ ኋላውን ካነሳኸው የሚይዘው ነገር የለም፣ የፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ አስደግፍ።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ያለው ብሎን አናቱ ላይ ምንም የጥንካሬ ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ርካሽ ብሎን ብራቾ ላይ ማሰር ያናድደኛል፤ ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክተው ጎትተውት ጥርሱም ተስቧል። ጣለው። እንዳይጮህ ብለው የቀቡትን ግሪስም ጥረግ፣ ላስቲክ ያበላሻል።

ዳዶው ላልቶም ፊቱ ካልወረደ የሞላውን ቁመት በግራም በቀኝም ለክተህ ጻፍልኝ። ስትለካም ያለ መቆሚያ ሥሩ አትግባ።