ጥያቄና መልስ፦ የፎቶን አንድ ክፍል ብቻ ማስተካከል

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ሠርግ ማንሣት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የፎቶ ማኅበራችን አባላት የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሙሽራዋን ጣናን ከኋላዋ አድርጌ ሳነሣት ፊቷ ጨለመ። ፎቶውን ሳደምቀው ደግሞ ሐይቁ ነጭ ወረቀት መሰለ። የምሠራው በስልክ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሃን የጎደለው ፊቷ ላይ ነው፤ አንቺ ያደመቅሽው ግን ሁሉንም ነው። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ላይ «ሴሌክቲቭ» የሚለውን ክፈቺና ጉንጯን ንኪ። በሁለት ጣት ስታሰፊና ስታጠቢ ለውጡ የሚደርስበት ቦታ በቀይ ይታይሻል፤ ከፊቷ እንዳያልፍ አጥብቢው። ከዚያ ጣትሽን ወደ ቀኝ ሳብ አድርጊ። መሣሪያው ከነካሽው ቦታ ጋር የሚመሳሰለውን ቀለም ስለሚመርጥ ነጠላዋን እምብዛም አይነካም። ከነካው ነጠላው ላይ ሌላ ነጥብ አኑሪና ምንም ሳትለውጪ ተዪው፤ ይጠብቀዋል። ብቻ አደራ፣ አታብዢው። ፀሐይ ከኋላዋ እያለች ፊቷ ከውኃው በላይ ከደመቀ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ጠይም ፊት አመድ እስኪመስል ሲነጣም በጣም አዝናለሁ፤ ጠይምነቷ ውበቷ ነው።

ጥያቄ፦ ሰማዩን ሳጠቁር በታንኳ ቀዛፊው ራስ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ይቀራል።

መልስ፦ ራሱን ላለመንካት ብሩሹን ራቅ አድርገህ ስለምታሳልፍ ነው፤ ቀለበቱ ሳይጠቁር የቀረው ሰማይ ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ተቃራኒውን ሞክር። ሰማዩንም ቀዛፊውንም አንድ ላይ በማስክ (ለውጡ የሚደርስበትን ቦታ በሚለይ ሽፋን) ሸፍንና ማስኩን በብርሃን መጠን ገድበው። ያን ጊዜ ደማቁ ሰማይ ብቻ ይጠቁራል፣ ጨለም ያለው ሰውዬ እንዳለ ይቀራል። የተረፈውን በትንሽ ብሩሽ ቀንስ። ጠርዙን 100 ፐርሰንት አጉልተህ ሳታይ ፎቶ አታስረክብ። እኔ አንድ ጊዜ የዘጌን ማለዳ አሳምሬ በትልቁ ካሳተምሁ በኋላ ነው የታንኳዋ ጫፍ እንደ ምላጭ የተቆረጠ መሆኑን ያየሁት። ታንኳዋ የተሠራችበት ደንገል ጫፉ ላይ የተበታተነ ጭረት አለው፤ እኔ ግን ጠርዙን ሳላለሰልስ አልፌ ያን ጭረት ሁሉ በልቼው ነበር። ፎቶውን እንደገና ሠርቼ አሳተምሁት።

ጥያቄ፦ የምሽቱ ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ መስመር ይወጣብኛል።

መልስ፦ ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው) ግን 16,384 አለው። ጥቂቱን ደረጃ በማድመቅ ወይም በማጥቆር ስትስበው በደረጃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት መስመር ሆኖ ይታያል። ለምሽት በጥሬ ፋይል አንሣ። ጨርሶ የነጣ ቦታ ግን በጥሬ ፋይልም አይመለስም።

ጥያቄ፦ እምቦጩን ከሐይቁ ላይ ባጠፋውስ?

መልስ፦ ለሠርግ አልበም ከሙሽሮቹ እግር ሥር የወደቀች ጠርሙስ አጥፋ፣ ማንም አይወቅስህም። ለዘገባ ከሆነ ግን አንዲት ቅጠል አትንካ። ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የኖረ አረም ነው፤ ፎቶህ እንዳልነበረ ሊያደርገው አይገባም።

ጥያቄ፦ ላይትሩም መክፈል አልችልም።

መልስ፦ ስናፕሲድ ነፃ ነው። ለኮምፒውተር ጊምፕና ዳርክቴብል አሉ፣ እነሱም ነፃ ናቸው። ጥሬ ፋይል የምታነሣ ከሆነ በዳርክቴብል ጀምር፤ ማስኩ በብርሃን መጠንም በቀለምም ይገደባል።